ሥርዓተ ትእዛዝ

ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በወለቃ የሚኖር፣ ኢንቴል የሚል ምልክት የተለጠፈበት ላፕቶፕ ያለው ተማሪ፣ ኡቡንቱ የተባለውን ነጻ ሥርዓተ ክወና ሊጭን ፈልጎ የፋይሉን ስም ቢመለከት መጨረሻው ላይ «ኤኤምዲ64» የሚል ያገኛልና፣ ኤኤምዲ የኢንቴል ተፎካካሪ መሆኑን ስለሚያውቅ «ይህስ የእኔ አይደለም» ብሎ ቢተወው አይፈረድበትም። ፋይሉ ግን ለእርሱም የተዘጋጀ ነው።

ኢንቴል በ1978 እ.ኤ.አ. 8086 በተባለው ፕሮሰሰር የጀመረውና በ1985 በ386 ወደ 32 ቢት ያደገው ኤክስ86 የተባለው የትእዛዝ ወገን፣ ወደ 64 ቢት የሰፋው በኤኤምዲ እጅ ሲሆን፣ ይህም ኩባንያ ሥራውን በ2003 በኦፕቴሮን ለገበያ ካቀረበ በኋላ ኢንቴል ራሱ ስለ ተከተለው፣ ዴቢያን የተባለው ሥርዓተ ክወናና ከእርሱ የተገኘው ኡቡንቱ የቀዳሚውን ስም እንደ ያዙ ቀሩ፤ ማይክሮሶፍት ግን ያንኑ «ኤክስ64» ይለዋል።

እንግዲህ እነዚህ ስሞች የሚያመለክቱት ባለሙያዎች «ፕሮሰሰር አርክቴክቸር» የሚሉትን ነው። «ሥነ ሕንጻ» ብሎ መተርጎም ይቀናል፤ ነገር ግን በፋሲል ከተማ በጎንደር ይህ ቃል ድንጋይንና ኖራን፣ ግንብንና ሰገነትን ያሳስባል እንጂ፣ ፕሮሰሰሩ የሚሰማቸውን ትእዛዛት፣ ማለትም ደምር፣ አንብብ፣ ጻፍ፣ ዝለል የሚሉትንና እያንዳንዱ የሚታወቅበትን ቍጥር አያስታውስም። የውስጥ አሠራራቸው ፈጽሞ የተለያየ ሁለት ፕሮሰሰሮች ለአንድ ዐይነት ትእዛዝ ሊገዙ ይችላሉና፣ «ሥርዓተ ትእዛዝ» ብንለው ምሥጢሩን ይገልጻል፤ ከሥርዓተ ክወናም ጋር ይስማማል።

በአብነት ትምህርት ቤት የመጻሕፍት ጉባኤ ብሉይ፣ ሐዲስ፣ ሊቃውንትና መነኮሳት እየተባለ በሚተረጎመው መጽሐፍ እንደሚለይ ሁሉ፣ ስለ ሥርዓተ ክወና የሚወያዩ ሰዎች ጉባኤም በኩባንያ ስም ሳይሆን በሥርዓተ ትእዛዝ ቢሰየም የተሻለ ነው፤ ለኤክስ86 የተሰናዳ ፕሮግራም አብዛኞቹ የአንድሮይድ ስልኮች በሚሠሩበት፣ አርም በተባለው ሥርዓተ ትእዛዝ ላይ እንዳለ አይሠራምና፣ ለአንዱ የተሰጠ መፍትሔ ለሌላው ላይጠቅም ይችላል። በስሙም ላይ አስቀድሞ መስማማት ይገባል፤ «አርም64» እና «ኤአርች64» የሚባሉት ሁለት ቢመስሉም አንድ ናቸውና።

ሁሉ ነገር ግን በሥርዓተ ትእዛዝ አይከፈልም። የግእዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ለሆሄያት ቍጥር በሚሰጠው በዩኒኮድ 3.0 ከገባ ወዲህ ለእያንዳንዱ ሆሄ የተሰጠው ቍጥር በማንኛውም ፕሮሰሰር ላይ ያው ስለ ሆነ፣ ስለ አማርኛ አጻጻፍ የሚነሣው ጥያቄ ለሁሉ በጋራ መቅረብ አለበት፤ እርሱን መበታተን ቍጥራቸው ጥቂት የሆኑትን የቋንቋውን አገልጋዮች ከማራራቅ በቀር ጥቅም የለውም።

ስለዚህ ፕሮግራም አልጫን ብሏችሁ እርዳታ የምትጠይቁ ወንድሞችና እኅቶች፣ ከኮምፒውተሩ ስምና ከተገዛበት ዘመን በፊት ሥርዓተ ትእዛዙን ጻፉ፤ በዊንዶውስ በ«ሴቲንግስ» ውስጥ «አባውት» በሚለው ገጽ ላይ ተጽፎ ይገኛል።