የፓስፖርትና የቪዛ ፎቶግራፍ፦ ፎቶ ቤት ወይስ ኢንተርኔት?

በደቡብ ወሎ ዞን በሐይቅ ከተማም ሆነ በአምባሰል ወረዳ ለውጭ አገር ጉዞ የሚዘጋጅ ሰው በቅድሚያ ሊያጣራ የሚገባው ፎቶግራፉ የሚፈለገው ለፓስፖርት ወይስ ለቪዛ መሆኑን ነው። ሁለቱ የሚጠይቁት ዝግጅት የተለያየ በመሆኑ ልዩነቱን ያላወቀ አመልካች ለአላስፈላጊ ወጪና ምልልስ ይዳረጋል።

አገር ውስጥ ለሚሰጥ ፓስፖርት ማመልከቻ የሚቀርበው በኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎት ድረ ገጽ አማካይነት ነው። አመልካቹ በቀጠሮው ቀን በአካል ሲቀርብ ፎቶግራፉና የጣት አሻራው በዚያው በጽህፈት ቤቱ ይወሰዳል። በመሆኑም ለአካባቢው ነዋሪዎች ቅርብ ወደሆነው የደሴ ቅርንጫፍ የሚሄድ ሰው በፓስፖርቱ ላይ የሚታተመውን ምስል በፎቶ ቤት አስነስቶ መሄድ አይጠበቅበትም።

ምርጫው የሚነሳው በቪዛ ማመልከቻ ላይ ነው። የሸንገን ስምምነት አባል አገሮች 35 በ45 ሚሊ ሜትር፣ አሜሪካ ደግሞ 51 በ51 ሚሊ ሜትር የሆነ ፎቶግራፍ ይጠይቃሉ። ለአሜሪካ ቪዛ በኢንተርኔት የሚላከው ምስል አራት ማዕዘን ሆኖ ስፋቱም ቁመቱም ከ600 እስከ 1200 ፒክስል፣ መጠኑም ከ240 ኪሎ ባይት ያልበለጠ መሆን ይኖርበታል። በመሥሪያ ቤቶች የተለመደው 3 በ4 ሴንቲ ሜትር ጉርድ ፎቶግራፍ ለሁለቱም አያገለግልም።

የፎቶ ቤት ጥቅም የብርሃን ሁኔታው የተስተካከለ፣ ጀርባውም ጥላ የሌለበት መሆኑና የታተመ ቅጂ ወዲያው መገኘቱ ነው። ሆኖም ፊትን ማቅላት፣ ኮትና ከራባት በኮምፒዩተር ማልበስ የመሳሰሉት ልማዶች ለቪዛ ፎቶግራፍ ተገቢ አይደሉም። ባለጉዳዩ ምስሉ እንዳይነካካ አስቀድሞ ማሳሰብና ከታተመው ቅጂ ጋር የኮምፒዩተር ፋይሉን መረከብ ይኖርበታል።

በእጅ ስልክ ተነስቶ በኢንተርኔት ማስተካከል ወጪ ይቀንሳል፤ ማመልከቻው ሙሉ በሙሉ በኢንተርኔት የሚቀርብ ከሆነም አመቺ ነው። ይሁን እንጂ ስልኮች በራሳቸው የሚያደርጉት የማስዋብ ሥራ የፊትን ቅርጽ ስለሚለውጥ መጥፋት አለበት። ምስሉ በቴሌግራም ሲላክ ጥራቱ እንዳይቀንስ በፋይል መልክ መላክ ይገባል። ማንነቱ ላልታወቀ ድረ ገጽ የፊት ምስልን ከፓስፖርት ቁጥር ጋር አሳልፎ መስጠት ለማጭበርበር ያጋልጣል።

በሁለቱም መንገድ ምስሉ ባለፉት 6 ወራት የተነሳ፣ ዓይን የተገለጠበት፣ አፍ የተዘጋበት ሊሆን ይገባል። አሜሪካ ከጥቅምት 22 ቀን 2009 ዓ.ም. ጀምሮ መነጽር ያደረገ ሰው ምስል አትቀበልም። በሃይማኖት ምክንያት ሂጃብ ወይም ቆብ ማድረግ የሚፈቀድ ሲሆን፣ ፊት ከግንባር እስከ አገጭ መታየት ይኖርበታል።

የታተመ ቅጂ ለሚጠይቅ ኤምባሲ ፎቶ ቤት ተመራጭ ነው። ባለጉዳዮችን የሚያስተናግዱ የወረዳና የቀበሌ ሠራተኞችም የኤምባሲውን መስፈርት በጽሑፍ አትመው እንዲሰጡ ማድረግ፣ ፎቶ አንሺው በግምት እንዳይሠራና የተከፈለው የቪዛ ክፍያ በምስል ጉድለት ከንቱ እንዳይቀር ያግዛል።