መጽሐፍና መድረክ በምሥራቅ አፍሪካ፦ ከካምፓላ እስከ ናይሮቢ፣ ለእኛስ ምን ያስተምረናል?



የማኅበራችንን የብር ኢዮቤልዩ ምክንያት በማድረግ በሚታተመው በዚህ መጽሔት ላይ ስለ ሥነ ጽሑፍ ታሪክ እንድጽፍ የአዘጋጅ ኮሚቴው በጠየቀኝ ጊዜ በቅድሚያ ትዝ ያሉኝ አንድ አባት ናቸው። እኚህ አባት በየዓመቱ በእንቁጣጣሽ በዓላችን ላይ ከደብተራቸው ግጥም ያነቡልን ነበር። ስለ ስደት፣ ስለ ናይሮቢ ኑሮ፣ ስለ ማታቱ ረዳቶች ጩኸት የጻፉት ሁሉ አዳራሹን አንዴ በሳቅ፣ አንዴ በእንባ ይሞላው ነበር። እሳቸው ካረፉ በኋላ ቤተሰባቸው ወደ ሦስተኛ አገር የሚሄድበት ቀን በድንገት ደረሰና ዕቃው በጥድፊያ ተሸጠ፤ የቀረውም ለጎረቤት ተከፋፈለ። ደብተሩ የገባበት አልታወቀም። ዛሬ ከመካከላችን ያንን ሳቅ የሚያስታውስ ብዙ ሰው አለ፤ ከግጥሞቹ አንዱን እንኳ ከዳር እስከ ዳር የሚያውቅ ግን የለም።

በመድረክ የተነበበ ነገር ካልታተመ ይጠፋል። የታተመም ቢሆን የሚያነበውና የሚወያይበት ሰው ካላገኘ መደርደሪያ ላይ አቧራ ይጠጣል። በአገራቸው የምንኖርባቸው ኬንያውያንና ጎረቤቶቻቸው ዩጋንዳውያን ይህን ችግር ከእኛ ቀድመው አይተውታል፤ በአነስተኛ ገንዘብ የሚሠሩ አሳታሚዎችንና የንባብ ምሽቶችን በማቋቋምም መፍትሔ ፈልገውለታል። ይህ ጽሑፍ የእነሱን ጉዞ ባጭሩ ይዳስሳል። ዓመታቱ «ዓ.ም.» ተብለው ካልተገለጹ በስተቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልን።

ከካምፓላ የተነሣው መጽሔት

በ1961 ዩጋንዳ ገና ነፃነቷን ሳትቀዳጅ፣ ራጃት ኒዮጂ የተባለ ካምፓላ የተወለደ የህንድ ዝርያ ያለው ወጣት «ትራንዚሽን» የተሰኘ የሥነ ጽሑፍና የሐሳብ መጽሔት አቋቋመ። ዕድሜው ከሃያዎቹ መጀመሪያ አላለፈም ነበር። በማግስቱ ዓመት በሰኔ ወር በዚያው ከተማ በማከሬሬ ኮሌጅ የአፍሪካ ደራስያን ጉባኤ ተካሄደ። ቺኑዋ አቼቤና ወሌ ሾይንካን የመሳሰሉ ጸሐፍት በተገኙበት በዚህ ጉባኤ ላይ አንድ የኮሌጁ ተማሪ የልብ ወለዱን ረቂቅ ይዞ ቀርቦ አቼቤ እንዲያነብለት ጠየቀ። ተማሪው ኋላ ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ በመባል ዓለም ያወቀው ደራሲ ሲሆን፣ መጽሐፉም በ1964 ለኅትመት በቃ። የደራስያን መሰባሰብ መጽሐፍ እንደሚወልድ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም።

በ1963 ደግሞ ኦቢ ዋሊ የተባለ ናይጄሪያዊ ሐያሲ በ«ትራንዚሽን» ላይ ባወጣው ጽሑፍ አፍሪካውያን በአውሮፓ ቋንቋዎች ብቻ የሚጽፉ ከሆነ ሥነ ጽሑፋቸው መውጫ ወደሌለው መንገድ እየገባ ነው ሲል ተከራከረ። ይህ ክርክር ለብዙ ዓመታት ቀጥሏል። ከጥንት ጀምሮ በራሱ ፊደል ለሚጽፍ እንደ እኛ ላለ ሕዝብም የሚሰጠው ትርጉም ቀላል አይደለም።

ይሁን እንጂ የመጽሔቱ ዕጣ ፈንታ አስተማሪ ነው። ድጋፍ ይሰጠው የነበረው ዓለም አቀፍ የባህል ተቋም ገንዘቡን የሚያገኘው ከአሜሪካ የስለላ ድርጅት እንደሆነ በ1967 በይፋ ተጋለጠ። በ1968 ደግሞ መጽሔቱ የመንግሥትን ሕገ መንግሥታዊ እርምጃዎች የሚተች ጽሑፍ በማውጣቱ ኒዮጂ ታሰረ። ከእስር ከተፈታ በኋላ መጽሔቱ ወደ አክራ፣ ጋና ተዛወረ፤ በ1976ም ተቋረጠ። እንደገና የተነሣው በ1990ዎቹ በአሜሪካ ነው። በአንድ ረጂ ገንዘብና በአንድ ሰው ትከሻ ላይ የቆመ ሥራ ምን ያህል በቀላሉ እንደሚናጋ ከዚህ እንማራለን።

መጽሐፉ በማታቱ ውስጥ ሲነበብ

በናይሮቢ በ1965 የተቋቋመው «ኢስት አፍሪካን ፐብሊሺንግ ሃውስ» በማግስቱ ዓመት የዩጋንዳዊውን የኦኮት ፕ'ቢቴክን «የላዊኖ መዝሙር» አሳተመ። ይህ ሥራ መጀመሪያ በአቾሊ ቋንቋ የተጻፈ ረጅም ግጥም ነው። በዚያው ዓመት የግሬስ ኦጎት የመጀመሪያ ልብ ወለድም ከዚሁ አሳታሚ ወጣ። ከዚያ በፊት አንድ የምሥራቅ አፍሪካ ደራሲ መጽሐፉን ለማሳተም አብዛኛውን ጊዜ ወደ ለንደን ማየት ነበረበት።

ንጉጊም በ1977 በካሚሪዙ መንደር ከገበሬዎችና ከሠራተኞች ጋር ሆኖ በኪኩዩ ቋንቋ ተውኔት አሳየ። ተውኔቱ ታገደ፤ እሱም በዚያው ዓመት ማብቂያ ላይ ያለ ፍርድ ታሰረ። እስር ቤት ሆኖ በመጸዳጃ ወረቀት ላይ የጻፈው የኪኩዩ ልብ ወለድ በ1980 ናይሮቢ ውስጥ ታተመ። ደራሲው ራሱ እንደተረከው፣ ይህ መጽሐፍ በየቤቱ ምሽት ላይ ቤተሰቡ ተሰብስቦ ማንበብ በሚችለው ሰው አፍ ይነበብ ነበር። ሠራተኞች በምሳ ሰዓታቸው፣ ተሳፋሪዎች በማታቱ ውስጥ፣ ጠጪዎችም በመጠጥ ቤት ተሰብስበው ያዳምጡት ነበር። በመጠጥ ቤት አንባቢው ብርጭቆው ባዶ ሲሆን ንባቡን ያቆምና አድማጮቹ እስኪሞሉለት ይጠብቃል!

ይህ ነገር ለእኛ እንግዳ አይደለም። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ቢታተምም፣ ፊደል ባልቆጠሩ ወገኖቻችን ቤት ሳይቀር የገባው ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው ነው። ከመካከላችን በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን በዓይኑ ሳይሆን በጆሮው የተዋወቀ ስንቱ ነው?

የካምፓላ ሰኞዎች

በ1996 በካምፓላ ሥራውን የጀመረው «ፌምራይት» የዩጋንዳ ሴት ደራስያን ማኅበር ነው። ያኔ የማከሬሬ መምህርት የነበሩት ሜሪ ካሮሮ ኦኩሩት ከሌሎች ሴቶች ጋር ሆነው ያቋቋሙት፣ የሴቶች ሥራ አሳታሚ ስላጣ ነበር። ማኅበሩ ማሳተም ብቻ አልነበረም ዓላማው። በየሳምንቱ ሰኞ አንባብያንና ጸሐፍት የሚገናኙበትን ክበብም አቋቋመ። አንዷ ረቂቋን ታነባለች፤ ሌሎቹ ያለ ይሉኝታ ይተቻሉ፤ ጸሐፊዋም አርማ ትመለሳለች። የዚህ ማኅበር አባል የነበረችው ሞኒካ አራክ ደ ኒየኮ በ2007 የኬን ሽልማትን በማግኘት የመጀመሪያዋ ዩጋንዳዊት ሆነች።

«ክዋኒ?» እና የማክሰኞ ምሽት

ስዋሂሊ የምታውቁ ሁሉ «ክዋኒ?» ማለት «ታዲያ ምን ይሁን?» እንደ ማለት መሆኑን ታውቃላችሁ። ቢንያቫንጋ ዋይናይና በ2002 የኬን ሽልማትን ካገኘ በኋላ ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ በዚህ ስም የሰየመውን መጽሔት አቋቋመ፤ የመጀመሪያው እትምም በ2003 ወጣ። ትልልቆቹ አሳታሚዎች ትኩረታቸው በትምህርት ቤት መማሪያ መጻሕፍት ላይ ስለነበር፣ ወጣት ጸሐፍት የሚያወጣላቸው አጥተው ነበር። «ክዋኒ?» በእንግሊዝኛ፣ በስዋሂሊና በመንደር ልጆች በሼንግ የተጻፈውን ሁሉ አስተናገደ።

በዚያ የመጀመሪያ እትም ላይ የይቮን ኦዉር ረጅም አጭር ልብ ወለድ ይገኛል። ታሪኩ ከ1994ቱ እልቂት ሸሽተው ናይሮቢ የገቡ አንድ የሩዋንዳ መኳንንት ቤተሰብን የሚመለከት ነው። ትናንት የተከበሩ የነበሩ ሰዎች ዛሬ በኪራይ ክፍል ተጨናንቀው፣ ቪዛ ፍለጋ ከቢሮ ቢሮ እየተመላለሱ፣ ያላቸውን አንድ በአንድ እየሸጡ ሲኖሩ ያሳያል። ይህ ኑሮ ለብዙዎቻችን ማብራሪያ አያስፈልገውም። ጽሑፉ በ2003 የኬን ሽልማትን አሸነፈ። የእኛን የመሰለ ታሪክ እዚሁ ናይሮቢ ውስጥ ተጽፎ፣ እዚሁ ታትሞ ዓለም ሲያነበው፣ የእኛ የራሳችን ግን በደብተር ቀረ።

የ«ክዋኒ?» ሰዎች ከመጽሔቱ ጎን ለጎን በየወሩ የመጀመሪያ ማክሰኞ በመሐል ከተማ በሚገኝ ክለብ «ኦፕን ማይክ» የተባለ የግጥም ምሽት ያዘጋጁ ነበር። ማንም ስሙን አስመዝግቦ መድረክ ላይ መውጣት ይችላል። ከምርጫው በኋላ በ2007 መጨረሻና በ2008 መጀመሪያ አገሪቱ በሁከት ስትናጥ ጸሐፍቱ የዓይን ምስክሮችን ቃል፣ ግጥምና ፎቶግራፍ ሰብስበው በዚያው በ2008 አምስተኛውን እትም በሁለት ጥራዝ አወጡ። እኛም የዚያን ሰሞን ሱቃችንን ዘግተን፣ በር ቆልፈን፣ ስልክ እየተደዋወልን አሳልፈነዋል። ያየነውን የጻፍነው ግን ስንቶቻችን ነን?

አሳታሚው በ2012 ለልብ ወለድ ረቂቆች ውድድር አወጣ፤ በ2013 አንደኛ የወጣችው ዩጋንዳዊት ጄኒፈር ናንሱቡጋ ማኩምቢ ናት። በብሪታንያ አሳታሚዎች ዘንድ ተቀባይነት ያጣው ይህ ሥራዋ «ኪንቱ» በሚል ርእስ በ2014 ናይሮቢ ውስጥ ታተመ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ አሜሪካና ብሪታንያም ደግመው አሳተሙት። ቢንያቫንጋ በ2019 አረፈ፤ የ«ክዋኒ?» እንቅስቃሴም ቀደም ብሎ ተቀዛቅዞ ነበር። ሆኖም ልማዱ አልሞተም። በ2013 የተሰባሰቡ ሌሎች ወጣቶች «ጃላዳ» የተባለ ስብስብ መሥርተው በ2016 የንጉጊን አንድ አጭር ተረት መጀመሪያ ከሠላሳ በሚበልጡ ቋንቋዎች አወጡት፤ ከእነዚያም አንዱ አማርኛ ነበር። ንጉጊ በግንቦት 2025 ከዚህ ዓለም በሞት ተለየ።

የእኛው ልማድ

የእኛም አገር ታሪክ ከዚህ የራቀ አይደለም። ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ ማተሚያ አላጣንም። ያጣነው አሳታሚ ነው። የአማርኛ ደራሲ ብዙውን ጊዜ ከኪሱ ከፍሎ፣ ወይም ከወዳጅ ተበድሮ ያሳትማል፤ መጽሐፉንም ራሱ ተሸክሞ ለመጻሕፍት መደብርና ለአዟሪ ያከፋፍላል። አቤ ጉበኛ የመንግሥት ሥራውን ትቶ በብዕሩ ለመኖር የደፈረ ሰው ነው፤ «አልወለድም» የተሰኘው መጽሐፉ ሲታገድ ጉዳቱን የተሸከመው ራሱ ነበር።

መድረኩም ነበረን። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በየዓመቱ በሚከበረው የኮሌጅ ቀን ተማሪዎች በንጉሠ ነገሥቱ ፊት ግጥም ያነቡ ነበር። በ1961 የታምሩ ፈይሳ «ድሃው ይናገራል» በዚያ መድረክ ሲነበብ የፈጠረው መነጋገሪያ ይታወሳል። በዚያን ጊዜ በንጉሠ ነገሥቱ የነፃ ትምህርት ዕድል የመጡ የኬንያ፣ የዩጋንዳና የታንጋኒካ ልጆች ከእኛ ተማሪዎች ጋር ይማሩ ነበር፤ ኋላ የኬንያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የሆኑት ሮበርት ኡኮ አንዱ ናቸው። በቅርቡም በ2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ በአዲስ አበባ ራስ ሆቴል በየወሩ ይቀርብ የነበረው ግጥም በጃዝ አዳራሹን ጢም አድርጎ ይሞላ ነበር።

ለማኅበራችን የቀረበ ሐሳብ

ከዚህ ሁሉ ታሪክ ለእኛ የሚጠቅሙ ሦስት ነገሮች አገኛለሁ።

አንደኛ፣ ቀኑ የታወቀ ይሁን። ካምፓላዎች ሰኞ ነበራቸው፤ ናይሮቢዎች ማክሰኞ። እኛም በወሩ የመጀመሪያ እሑድ ከቡና በኋላ ለአንድ ሰዓት ማንበብ እንችላለን። ታላላቆች የጻፉትን ያንብቡ፤ ልጆቻችን ደግሞ በሚቀናቸው በእንግሊዝኛም ሆነ በስዋሂሊ ይጻፉ፤ ከጎኑ አማርኛው ይቀመጥ። ልጅ የአያቱን ግጥም ተርጉሞ ሲያነብ ፊደሉን መማሩ አይቀርም።

ሁለተኛ፣ በዓመቱ መጨረሻ የተነበበው ሁሉ ተመርጦ በትንሽ መጽሐፍ ይታተም። መቶ ቅጂ ይበቃናል። አንዱ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት፣ አንዱ አዲስ አበባ በሚገኘው ወመዘክር ይቀመጥ፤ ወደ ሌላ አገር የሚሄድ ቤተሰብም በሻንጣው አንድ ይያዝ።

ሦስተኛ፣ ወጪው ከብዙ ሰው በጥቂት በጥቂቱ ይሰብሰብ። ዕቁብና ዕድር የሚያውቅ ሕዝብ ለዚህ ዘዴ አያጣም። ሥራውም በአንድ ሰው ላይ እንዳይወድቅ አዘጋጆቹ በየሁለት ዓመቱ ይቀያየሩ።

ይህ በእጃችሁ ያለው የኢዮቤልዩ መጽሔት ራሱ በአባላት መዋጮ የታተመ የመጀመሪያ ሥራችን ነውና ጅምሩ አለ ማለት ነው። እኚያ አባት ያነቡልን የነበረውን ደብተር ልንመልሰው አንችልም። ምናልባት ከእናንተ መካከል ከግጥሞቻቸው ሁለት ስንኝ እንኳ የሚያስታውስ፣ ወይም የበዓሉን ቪዲዮ በካሴት የቀረጸ ካለ ለማኅበሩ ጽሕፈት ቤት እንዲያስረክብ በትሕትና እጠይቃለሁ። በየቤታችሁ መሳቢያ ውስጥ ያሉትንም ደብተሮች ዛሬ ማታ ፈልጓቸው።

መልካም የኢዮቤልዩ በዓል ይሁንልን። ለወርቁም በሰላም ያድርሰን!