ጣፋጩ መርዝ፦ ሽሮፑ ውስጥ ያለው ነገር እንዴት ይታወቃል?

ለልጃችሁ ሽሮፕ ከመስጠታችሁ በፊት ቀመስ የምታደርጉ ብዙዎች ናችሁ። «መራራ ከሆነ ይተፋዋል» ትሉናላችሁ። ልማዱ ክፋት የለውም፤ ነገር ግን ምላስ ሊነግራችሁ የማይችለው ነገር አለ። የዛሬው ታሪክ ስለዚያ ነው።

ጊዜው እ.ኤ.አ. 1937፣ ቦታው አሜሪካ ነው። ፔኒሲሊን ገና ለሕሙማን አልደረሰም። ሰልፋኒላማይድ የሚባል መድኃኒት ግን በባክቴሪያ የሚመጣ የጉሮሮ ሕመምንና ሌሎች ኢንፌክሽኖችን እያዳነ ዝናው ገንኖ ነበር። የሚገኘው በክኒንና በዱቄት መልክ ነው፤ ትንሽ ልጅ ክኒን ዋጥ ሲሉት ምን እንደሚያደርግ ከእናንተ በላይ የሚያውቅ የለም። በቴኔሲ ግዛት፣ ብሪስቶል ከተማ የሚገኘው የማሰንጊል ኩባንያ ዋና ኬሚስት ሃሮልድ ዋትኪንስ ለዚህ መላ አገኘ። ሰልፋኒላማይድ በውሃ በቀላሉ አይሟሟም፤ ዳይኢትሊን ግላይኮል በሚባል ወፈር ያለ ጣፋጭ ፈሳሽ ውስጥ ግን ይሟሟል። የእንጆሪ ጣዕም ተጨመረበትና «ኤሊክሲር ሰልፋኒላማይድ» ተባለ። መልኩን፣ ሽታውንና ጣዕሙን ፈተሹት። መርዝ መሆን አለመሆኑን ግን አልፈተሹም፤ የዚያን ጊዜው ሕግም አያስገድዳቸውም ነበር።

መድኃኒቱ በመስከረም ወር በመላ አገሪቱ ተሰራጨ። በጥቅምት ወር በኦክላሆማ ግዛት፣ ቱልሳ ከተማ የሚሠሩ ሐኪሞች አንድ ነገር አስደነገጣቸው። ሽሮፑን የወሰዱ ልጆች ሽንታቸው እየቆመ፣ ኩላሊታቸው ሥራ እያቆመ ይሞታሉ። ወዲያው ቺካጎ ለሚገኘው የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር አሳወቁ።

አሁን እንቆቅልሹን ተመልከቱት። ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ድብልቅ ነው። ገዳዩ መድኃኒቱ ነው? ማሟሟያው ነው? ወይስ ሁለቱ ሲገናኙ የሚፈጠር ነገር? በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ጋይሊንግና ባልደረቦቻቸው የሄዱበት መንገድ ቀላል ነበር፦ ለአንዳንዶቹ እንስሳት ሙሉውን ሽሮፕ፣ ለአንዳንዶቹ ሰልፋኒላማይድ ብቻ፣ ለሌሎቹ ደግሞ ማሟሟያውን ብቻ ሰጡ። ኩላሊታቸው የተበላሸው ማሟሟያውን የወሰዱት ሆኑ፤ ከሽሮፑ 72 በመቶ የሚሆነው ደግሞ ይኸው ዳይኢትሊን ግላይኮል ነበር። እንስሳቱን ከሚከታተሉት መካከል ፍራንሲስ ኬልሲ የምትባል ወጣት ተማሪ ነበረች። ከሃያ ዓመት በኋላ ታሊዶማይድ የተባለው መድኃኒት አሜሪካ ገበያ እንዳይገባ ያገደችው እሷ ናት፤ እሱን ሌላ ቀን እናወጋለን።

ከዚያ የመንግሥት ተቆጣጣሪዎች ጠርሙሶቹን ለመሰብሰብ በየከተማው ተሰማሩ። የሚያሳዝነው፣ ሕጉ «መርዝ ሸጣችኋል» ብሎ ለመውረስ ሥልጣን አይሰጣቸውም ነበር። የተጠቀሙበት ቀዳዳ ስሙ ነው፦ «ኤሊክሲር» የሚባል መድኃኒት አልኮል ሊኖረው ይገባል፤ ይህ ግን የለውም። ስሙ ሌላ ቢሆን ኖሮ እጃቸው ይታሰር ነበር። ከተመረተው 240 ጋሎን ውስጥ 234 ጋሎን ያህሉ ተሰበሰበ። የቀረው ከአንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ብዙም አይበልጥም። ያ ጥቂት ፈሳሽ ከ100 በላይ ሰው ገደለ፤ ከእነሱም መካከል ልጆች ነበሩ። የስድስት ዓመት ልጇን ያጣች አንዲት እናት እንዲህ ያለ ነገር እንዳይሸጥ ለፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ደብዳቤ ጻፈች። በ1938 አንድ መድኃኒት ለገበያ ከመቅረቡ በፊት ደኅንነቱ እንዲረጋገጥ የሚያስገድድ ሕግ ወጣ።

«ታዲያ ዛሬ ላቦራቶሪው እንዴት ይለያቸዋል?» ትሉ ይሆናል። አረቄ ሲወጣ ያየ ሰው መነሻ ሐሳቡን ያውቀዋል፤ አልኮሉ ከውሃው ቀድሞ ስለሚተን ተለይቶ ይወርዳል። ችግሩ ግሊሰሪንና ዳይኢትሊን ግላይኮል በዓይንም በምላስም አይለዩም፦ ሁለቱም ቀለም የላቸውም፣ ሁለቱም ወፈር ያሉና ጣፋጮች ናቸው። ግሊሰሪን ደኅና የሽሮፕ ግብዓት ነው፤ ሌላው ርካሹ መርዝ። እዚህ ላይ የሚረዳን ሚካኤል ጽቬት የተባለ የሩሲያ የዕፅዋት ተመራማሪ በ1900ዎቹ መጀመሪያ ዋርሶ ውስጥ ያገኘው ዘዴ ነው። የቅጠል ጭማቂን በጠመኔ ዱቄት በተሞላ የመስታወት ቱቦ ውስጥ ሲያወርደው ቀለማቱ እየተለያዩ ተደረደሩ፤ አንዱ ከዱቄቱ ጋር ይጣበቃል፣ ሌላው ይፈጥናል። ክሮማቶግራፊ አለው፤ በግሪክኛ «የቀለም ጽሕፈት» ማለት ነው። ዛሬ ሽሮፕ ሲመረመር በዚሁ ሐሳብ በሲሊካ በተቀባ ሰሌዳ ላይ የተጠረጠረው ጠብታ ከሚታወቅ ናሙና ጎን ይደረጋል። ሁለቱ እኩል ርቀት ከተጓዙ ጥርጣሬው ይጠነክራል። ከዚያ በተሻለ መሣሪያ ሞለኪውሉ ተሰባብሮ ስብርባሪው ይመዘናል፤ ይህ እንደ ጣት አሻራ ነው።

ዘዴው ቢኖርም፣ የሚመረምር ከሌለ ምን ዋጋ አለው? በ2006 ፓናማ ውስጥ ሰዎች ኩላሊታቸው እየደከመ ሲሞቱ መጀመሪያ የተጠረጠረው ሊሲኖፕሪል የተባለው የደም ግፊት መድኃኒት ነበር፤ ብዙዎቹ ሕሙማን ይወስዱት ነበርና። ነገሩ ሌላ ሆኖ ተገኘ። ሊሲኖፕሪል በአንዳንድ ሰው ላይ ደረቅ ሳል ያመጣል፤ ለሳሉ ደግሞ ሽሮፕ ተሰጥቷቸው ነበር። የሽሮፑ ናሙና አትላንታ ሄዶ ሲመረመር ዳይኢትሊን ግላይኮል ተገኘበት። «ንጹሕ ግሊሰሪን» ተብሎ ከቻይና በስፔን በኩል የመጣውን በርሜል በመንገዱ ሁሉ በአግባቡ የመረመረው አልነበረም። በ2022 ደግሞ ጋምቢያ ውስጥ ከ60 በላይ ልጆች በኩላሊት ጉዳት ሞቱ፤ ሕንድ ውስጥ በተመረቱ አራት ሽሮፖች ውስጥ የተገኘው ያው የ1937ቱ መርዝና የቅርብ ዘመዱ ኢትሊን ግላይኮል ነበር።

ስለዚህ ወላጆች፣ ተራ የጉንፋን ሳል አብዛኛውን ጊዜ ያለ ሽሮፕ ይድናል፤ በቅድሚያ ሐኪም ጠይቁ። መድኃኒት ፈቃድ ካለው ፋርማሲ ግዙ፤ ከመንገድና በሻንጣ ከመጣ አትውሰዱ። ሽሮፕ የጀመረ ልጅ ቢያስመልሰው፣ ሆዱን ቢያመው፣ ቢፈዝ፣ በተለይ ሽንቱ ቢቀንስ ወይም ቢቆም፣ ሽሮፑን አቁማችሁ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ውሰዱት፤ በጊዜ ከደረሰ መርዙን የሚያከሽፍ ሕክምናና የኩላሊት እጥበት ሊረዳው ይችላል። ጠርሙሱን ግን አትጣሉት፤ ከነቀሪው፣ ከነካርቶኑ ይዛችሁ ኑ። የፓናማው ምስጢር የተፈታው ሽሮፑ ራሱ ላቦራቶሪ ስለደረሰ ነው።