የቀጥታ ስርጭት ትርኢት መድን

የኪነት ቡድኖች ትርኢታቸውን በዩቲዩብ፣ በፌስቡክ ወይም በቲክቶክ ሲያስተላልፉ በንብረት፣ በሰውና በሦስተኛ ወገን ላይ ለሚደርስ ጉዳት የሚገቡት ዋስትና ነው። በሆሳዕናና በዱራሜ ጉዳዩ ይበልጥ የሚጎላው የሀድያ ያሆዴና የከምባታ መሳላ በሚከበሩበት በመስከረም ነው፤ ደቡብ አፍሪካን ጨምሮ በውጭ የሚኖሩ የአካባቢው ተወላጆች በዓሉን በስልካቸው ይከታተላሉ።

ንብረት። የእሳትና የስርቆት ውል ብዙውን ጊዜ የሚሸፍነው በውሉ በተጠቀሰው ሥፍራ ያለን ዕቃ ነው። ስለዚህ በኪራይ የመጣ ካሜራ፣ ሚክሰርና ጄኔሬተር በጉዞና በሜዳ ላይም እንዲሸፈን በጽሑፍ ማስገባት ያስፈልጋል።

ሰው። ሜዳውን አቋርጦ የተዘረጋ ገመድ ጠልፎ የጣለው ተመልካች ካሳ ቢጠይቅ የሚከፍለው የሦስተኛ ወገን ኃላፊነት መድን ነው። ለጨፋሪዎችና ለድምፅ ባለሙያዎች የአደጋ መድን ለብቻው ይገባል።

መብት። አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለደራሲያንና ለከዋኞች ጥበቃ ይሰጣል። ያለፈቃድ የተላለፈ ዘፈን የሚያስከትለው ክስ በተለመደው የንብረት ውል አይሸፈንም፤ ፈቃዱን አስቀድሞ በጽሑፍ መያዝ ከማንኛውም ፖሊሲ ይቀድማል።

ሕግ። የመድን ውል የሚገዛው በ1952 ዓ.ም. በወጣው የንግድ ሕግ ነው፤ መድን ሰጪዎችን የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ነው። መድን ገቢው የሚያውቀውን ሁሉ በትክክል የማስታወቅ ግዴታ ስላለበት፣ ትርኢቱ በኢንተርኔት እንደሚሰራጭ ከመፈረሙ በፊት መግለጽ አለበት። በአነስተኛ መዋጮ ለሚንቀሳቀስ ቡድን አንድ የተሰበረ ካሜራ የዓመት ሥራ ሊያስቆም ስለሚችል፣ አረቦን ከዝግጅቱ በጀት ሊቀነስ የማይገባው ወጪ ነው።