የኮሌጅ ፉትቦል፦ በሲዝን መጀመሪያ የመጣ ሽንፈት ምን ጥሩ ነገር አለው?

ሴፕቴምበር በመጣ ቁጥር አሜሪካ ያሉ ቤተሰቦቻችን ቅዳሜያቸው ይለወጣል። ልጆቻቸው የሚማሩበት ወይም ከተማቸው ውስጥ ያለው ዩኒቨርሲቲ ፉትቦል ይጫወታል፤ ሰፈሩ ሁሉ የቡድኑን ማሊያ ለብሶ ይውላል። ቡድኑ ገና በሁለተኛው ሳምንት ከተሸነፈ ደግሞ ከተማው ለቅሶ የተቀመጠ ይመስላል። "ሲዝኑ አለቀ!" የሚለው ብዙ ነው፣ "ችግር የለም፣ ገና ነው" የሚለውም አይጠፋም።

ማን ነው ልክ? ዛሬ ሦስት እውነተኛ ታሪኮችን ይዘን እንየው። ቀኖቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

🏈 አንድ ሽንፈት ለምን ይህን ያህል ይከብዳል?

ፕሪሚየር ሊግ የለመደ ሰው ይህ ግራ ይገባዋል። እዚያ አንድ ቡድን 38 ጨዋታ አለው፤ ሁለቱን ቢሸነፍ ማካካሻ አያጣም። የኮሌጅ ፉትቦል መደበኛ ሲዝን ግን 12 ጨዋታ ብቻ ነው። በላይኛው ዲቪዥን ያሉት ቡድኖች ደግሞ ከ130 በላይ ስለሆኑ ሁሉም እርስ በርስ ሊጫወቱ አይችሉም። ስለዚህ ለዋንጫው ውድድር እነማን ይለፉ የሚለው በነጥብ ሰንጠረዥ ብቻ የሚወሰን አይደለም፤ ደረጃ የሚያወጣ ኮሚቴ አለ።

እስከ 2013 ሲዝን ድረስ ለዋንጫ የሚጫወቱት ሁለት ቡድኖች ብቻ ነበሩ። ከ2014 ጀምሮ አራት፣ ከ2024 ጀምሮ 12 ሆኑ። በሩ እየሰፋ ሲሄድ የአንድ ሽንፈት ዋጋም እየቀነሰ መጥቷል። የመጀመሪያው ተስፋ እንግዲህ ከሜዳ ሳይሆን ከካላንደሩ የሚገኝ ነው ማለት ነው።

🏈 ኦሃዮ ስቴት፣ 2014

ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት ኮለምበስ፣ ኦሃዮ የዚህ ቡድን መናኸሪያ ናት። በዚያ ዓመት ነሐሴ ላይ፣ ሲዝኑ ሊጀመር ቀናት ሲቀሩት፣ ዋናው ኳርተርባክ ብራክስተን ሚለር ትከሻው ተጎዳና ለዓመቱ ሙሉ ከሜዳ ራቀ። (ኳርተርባክ ማለት ኳሱን የሚወረውረውና ማጥቃቱን የሚመራው ተጫዋች ነው።) ቦታውን የተረከበው የ19 ዓመቱ ጄ.ቲ. ባሬት ነበር፤ ከዚያ በፊት አንድም የኮሌጅ ጨዋታ ተሰልፎ አያውቅም።

የመጀመሪያውን ጨዋታ ኔቪን 34 ለ 17 አሸነፉ። ሴፕቴምበር 6 ግን በገዛ ሜዳቸው፣ ከ107 ሺህ በላይ ተመልካች ፊት፣ በቨርጂኒያ ቴክ 35 ለ 21 ተረቱ። ባሬት ከወረወራቸው 29 ኳሶች ዒላማቸውን ያገኙት 9 ብቻ ናቸው። ሦስቱን ተጋጣሚ ቀማው፤ እሱ ራሱ ኳሱን እንደያዘ 7 ጊዜ መሬት ላይ ተጣለ።

የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል እንዲሉ፣ ልጁም አሰልጣኙ ኧርባን ማየርም የወሬ ሲሳይ ሆኑ። በዚያ ምሽት ግን በጥሞና ላየው ሰው አራት ነገሮች ነበሩ።

✅ ችግሩ ስም ነበረው። የቨርጂኒያ ቴክ የመከላከል አሰልጣኝ ባድ ፎስተር ተጫዋቾቹን ወደ ፊት አስጠግቶ፣ ከኋላ ያሉትን አንድ ለአንድ አስይዞ፣ "በመሮጥ አታልፉም፤ ከቻላችሁ ወርውሩ" የሚል ፈተና ነው ያቀረበው። የኦሃዮ ስቴት ልጆች መልስ አላገኙለትም። እንዲህ ያለ ተለይቶ የሚታወቅ ችግር በልምምድ ይታረማል።

✅ ድክመቱ የልምድ ማነስ ነበር። ለኳርተርባኩ ከለላ ከሚሰጡት አምስት የፊት መስመር ተጫዋቾች አራቱ በዚያ ዓመት ቋሚ የሆኑ አዲሶች ናቸው። አብሮ መጫወትን ደግሞ ጊዜ ያስተምራል።

✅ ቡድኑ አልፈረሰም። በእረፍት ሰዓት 21 ለ 7 ሲመሩ የነበሩት እንግዶች 21 ለ 21 ተይዘዋል። የመጨረሻው ታችዳውን የተቆጠረባቸው ጨዋታው አንድ ደቂቃ እንኳ ሳይቀረው፣ አቻ ለመሆን ሲጣደፉ በተቀማ ኳስ ነው። ስለዚህ የ14 ነጥብ ልዩነቱ ጨዋታው ከነበረው በላይ ሰፍቶ ይታያል።

✅ ቨርጂኒያ ቴክ የእነሱ ሊግ አባል አይደለም። የቢግ ቴን ሻምፒዮንነት ገና ሳይነካ እጃቸው ላይ ነበር።

🏈 ከዚያስ?

በሳምንቱ ኬንት ስቴትን 66 ለ 0 ቀጡት። ይህ ግን ብዙም አያስመካም፤ ደካማ ተጋጣሚ ቁስል ይሸፍናል እንጂ አያድንም። እውነተኛው ፈተና የመጣው ኖቬምበር 8 ነው። ባለፈው ዓመት የሊጉን ዋንጫ የነጠቃቸውን ሚሺጋን ስቴትን በሜዳው 49 ለ 37 ሲያሸንፉ፣ ያ የተሳለቁበት ልጅ ሦስት ታችዳውን በውርወራ፣ ሁለት ደግሞ በሩጫ አስመዘገበ።

በመደበኛው ሲዝን የመጨረሻ ጨዋታ ላይ ባሬትም ቁርጭምጭሚቱ ተሰበረ። ሦስተኛው ኳርተርባክ ካርዴል ጆንስ ገባና በሊጉ ፍጻሜ ዊስኮንሲንን 59 ለ 0 ድል አደረጉ። ኮሚቴው በአራተኛነት አሳለፋቸው። ከዚያ አላባማን 42 ለ 35፣ ጃንዋሪ 12 ቀን 2015 ደግሞ ኦሪገንን 42 ለ 20 አሸንፈው የመጀመሪያውን የአራት ቡድኖች ውድድር ዋንጫ ወሰዱ። ያሸነፋቸው ቨርጂኒያ ቴክ ሲዝኑን የጨረሰው በ7 ድልና በ6 ሽንፈት ነው።

🏈 ኖትርዳም፣ 2024

ይህኛው የባሰ ያሳፍር ነበር። ኖትርዳም በአገር አቀፍ ደረጃ አምስተኛ ሆኖ፣ ሴፕቴምበር 7 በሜዳው በኖርዘርን ኢሊኖይ 16 ለ 14 ተሸነፈ። ግምቱ ኖትርዳም በአራት ታችዳውን ያህል ልዩነት ያሸንፋል የሚል ነበር።

ጥሩው ነገር የቱ ጋ ነበር? መከላከሉ ላይ። የገባባቸው 16 ነጥብ ብቻ ነው፤ ከሳምንት በፊትም ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤምን በሜዳው 13 ነጥብ ላይ አቁመው 23 ለ 13 አሸንፈዋል። ማጥቃቱ ታሟል፣ ግማሹ አካል ግን ጤነኛ ነው። የአሰልጣኝ ማርከስ ፍሪማን ቡድን ከዚያ በኋላ 13 ጨዋታ በተከታታይ አሸንፎ ለፍጻሜ ደረሰ። እዚያ በኦሃዮ ስቴት 34 ለ 23 ቢረታም፣ በሁለት ቡድኖች ዘመን ቢሆን ኖሮ የዚያች የሴፕቴምበር ቅዳሜ ሽንፈት በሩን ልትዘጋበት ትችል ነበር።

🏈 ሁሉም ሽንፈት ትምህርት አይሆንም

እዚህ ጋ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። በዚያው 2024 ፍሎሪዳ ስቴት ሲዝኑን የጀመረው አየርላንድ፣ ደብሊን ላይ በጆርጂያ ቴክ 24 ለ 21 ተሸንፎ ነው። ሽንፈቱ የመጣው በመጨረሻዋ ሰከንድ በተመታ ኳስ ነው። ወረቀት ላይ ሲታይ ከሦስቱ ሁሉ "ቀላሉ" ሽንፈት ይህ ነበር፦ የሦስት ነጥብ ልዩነት፣ ሩቅ አገር፣ የመጀመሪያ ጨዋታ።

ነገር ግን ቀጥሎ በተደረጉት ጨዋታዎች የመጣውን ተመልከቱ። ቡድኑ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ጨዋታዎች ያስቆጠረው 21፣ ከዚያ 13፣ ከዚያ 12 ነጥብ ነው፤ ሦስቱንም ተሸነፈ። ዓመቱን በ2 ድልና በ10 ሽንፈት ጨረሰ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባል የለ? ጠባብ ውጤት አንዳንዴ በሽታ ይደብቃል።

🏈 ቡድናችሁ ሲሸነፍ እነዚህን ጠይቁ

1️⃣ የተሸነፍነው በምንድን ነው? በአንድ ዓረፍተ ነገር መመለስ ከተቻለ ጥሩ ምልክት ነው። "በሁሉም ነገር" ከሆነ መልሱ ያሳስባል።

2️⃣ ጤነኛ ሆኖ የቀረው ክፍል የቱ ነው? መከላከሉ ነው ማጥቃቱ?

3️⃣ ስህተቱ የልምድ ነው የአቅም? የልምዱ በጥቅምት ይስተካከላል። አቅም ግን በሲዝን መሀል ከየትም አይመጣም። በሕጉ መሠረት ተማሪዎቹ በሲዝን ወቅት ለስፖርቱ የሚያውሉት ጊዜ በሳምንት 20 ሰዓት ነው፤ በዚያ ጊዜ ሁሉም ነገር አይታረምም።

4️⃣ ያው ችግር ተደገመ ወይ? ለዚህ መልስ ከአንድ ጠንካራ ተጋጣሚ ጋር እስኪጫወቱ መጠበቅ ግድ ነው። ከደካማ ቡድን ጋር የተገኘ 60 ነጥብ አያታልላችሁ።

አንድ ነገር እንጨምር። ሜዳ ላይ ያሉት ልጆች አብዛኞቹ ከ18 እስከ 22 ዓመት ያሉ ተማሪዎች ናቸው። ቅዳሜ ማታ ስልካቸውን ሲከፍቱ የምንጽፈውን ያያሉ። ባሬት ሦስት ኳስ በተቀማበት ምሽት "ይህ ልጅ አይሆንም" ብሎ የፈረደ ሰው፣ የዚያን ዓመት ሲዝን ሲያልቅ 45 ታችዳውን ተቆጥሮበታል፤ 34 በውርወራ፣ 11 በሩጫ።

እናንተስ? የምትደግፉት የኮሌጅ ቡድን የትኛው ነው? በሲዝን መጀመሪያ ተሸንፎ የተነሳበትን፣ ወይም እንደወደቀ የቀረበትን ዓመት ኮሜንት ላይ ጻፉልን። ፉትቦል ለማይገባው ጓደኛችሁም ሼር አድርጉለት።