ገማቹ የማን በር ላይ ይቁም?

እህቶቼ፣ በ2009 ዓ.ም. የአስረኛ ክፍል ፈተና ልፈተን ስዘጋጅ እናቴ ሱቅ ሦስት ሰዎች መጡ። ሱቅ ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ ዘይት በኩባያ፣ ስኳር በግማሽ ኪሎ፣ ሳሙና፣ ሻማ፣ ክብሪት ነው። አንዱ መደርደሪያውን ቃኘ፣ አንዱ «ማዘር፣ በቀን ስንት ትሸጫለሽ?» አላት፣ ሦስተኛው ጻፈ። ሩብ ሰዓት እንኳ አልቆዩም። ሐምሌ ላይ ወረቀቱ መጣ፦ የቀን ገቢ ግምት 1,200 ብር። እናቴ በቀን ይሄን ያህል ታተርፊያለሽ ያሏት መስሏት አለቀሰች። ትርፍ ሳይሆን ሽያጭ ማለት ነው የተባለው በኋላ ነው። ያኔ ብዙ ሰው እንደሷ ተደናግጦ ነበር፤ አምቦና ወሊሶን በመሳሰሉ ከተሞች ነጋዴው ሱቁን ዘግቶ ተቃውሟል።

ይሄ የግምት ነገር ግን ከእናቴ ሱቅ የጀመረ አይደለም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወታደሩ በየገበሬው ቤት እየተመራ ይበላና ይጠጣ ነበር። ንጉሡ ይሄን ለማስቀረት በ1880ዎቹ አሥራት አስገቡ፤ ከአሥር እጅ አንዱን እጅ ለመንግሥት ማለት ነው። ከወታደር መራብ ይሻላል፣ ግን አሥር እጁን ማን ይቁጠረው? ገማች ተላከ። ገማቹ ማሳው ዳር ቆሞ፣ እህሉ ሳይወቃ፣ በዓይኑ ይገምታል። ዶሮ ያረደለትና ጠላ ያቀረበለት ይቀነስለታል፣ ያላቀረበው ይጨመርበታል እያሉ ሽማግሌዎች የሚያወሩትን እናንተም ሰምታችሁ ይሆናል።

ኅዳር 1960 ዓ.ም. ደግሞ የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ወጣ። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም፤ አሥራትን አስቀርቶ ብዙ የሚያገኘው ብዙ እንዲከፍል ነበር። ችግሩ አሁንም ገማቹ ነው። የጎጃም ገበሬ ገማች ኮሚቴ መሬቴን ሊለካ መጣ፣ ርስቴ ሊሄድ ነው ብሎ እምቢ አለ። ሞጣ፣ ዳሞት፣ ቢቸና ተነሣ። መንግሥት ጦር ላከ፣ አውሮፕላን ሳይቀር ቦምብ ጣለ። በመጨረሻ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ከጎጃም ተነሡ፣ የብዙ ዓመት ውዝፍ ግብርም ተማረ። ለማን ነው ያ ሁሉ ደም? በየጎጡ ጥቂት ጥማድ መሬት ካለው ሰው የሚገኘው ገንዘብ ስንት ነበር? እኔ ሳስበው ለዘመቻው ጥይትም አይበቃ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተቀይሯል። በ1995 ዓ.ም. ቫት 15 በመቶ ሆኖ ገባ (እዚህ ቤሩት ደረሰኙ ላይ የምታዩት 11 በመቶ የሱ ዘመድ ነው)። በ2000 ዓ.ም. የገቢዎች ሚኒስቴር፣ ጉምሩክና የአገር ውስጥ ገቢ አንድ ባለሥልጣን ሆኑ። አዋጅ ቁጥር 979/2008 ደግሞ ነጋዴውን በሦስት ከፈለው፦ በዓመት 1,000,000 ብርና ከዚያ በላይ የሚያስገባው «ሀ»፣ ከ500,000 እስከ 1,000,000 ያለው «ለ»፣ ከ500,000 በታች ያለው «ሐ»። በእሑድና በበዓል ዘግታ በዓመት 300 ቀን ሠራች ብንል የእናቴ ግምት 360,000 ነበር፣ «ሐ» ማለት ነበር። «ሐ» ያኔ መዝገብ የመያዝ ግዴታ አልነበረበትም፣ ስለዚህ ይገመት ነበር። «ሀ» ግን መዝገብ አለው፤ መዝገቡን የሚመረምር ኦዲተር ደግሞ የትም አገር ቢሆን በቂ አይደለም።

ጨዋታው ያለው እዚህ ላይ ነው። ኦዲተር ትንሽ ከሆነ የት ትልኪዋለሽ? ሥራው በሚገባ ሲሠራ መጀመሪያ ወረቀቱ ይነጻጸራል። ጉምሩክ ላይ ብዙ ኮንቴይነር ያስገባ፣ ሽያጩን ግን ትንሽ ነው ያለ፤ በየዓመቱ ከሰርኩ እያለ አዲስ ቅርንጫፍ የሚከፍት፤ ለቫት የነገረውና ለገቢ ግብር የነገረው የማይገናኝ፤ ሐሰተኛ ደረሰኝ ከሚሸጡ ድርጅቶች ገዛሁ የሚል። እነዚህ ነጥብ ይሰጣቸውና ከላይ ይሰለፋሉ። ከዚያ ከባዱ ፋይል ለልምድ ላለው ኦዲተር፣ ቀላሉ ለጀማሪው ይሰጣል። አንድ ትልቅ አስመጪ ላይ አንድ ወር የሚቀመጥ ጎበዝ ኦዲተር የሚያገኘውን ገንዘብ፣ ሦስት ሰው ዓመቱን ሙሉ ከእናቴ ሰፈር ሱቆች አያገኘውም።

እኛ ይሄን በእጃችን እናውቀዋለን። ሦስት ፎቅ ቤት ለብቻሽ ተሰጥቶሽ ከሳሎን መስታወት ከጀመርሽ ኩሽናው ሳይነካ ይመሻል። ማዳም የምትጮኸው ደግሞ ስለ መስታወቱ ነው። ሱቅም እንደዚያ ነው፣ መንገድ ዳር ስላለ ይታያል። የትልቁ ነጋዴ መዝገብ ግን ቢሮ ውስጥ ነው፣ ለማንበብም ትምህርት ይፈልጋል።

እውነቱን ልናገርና እናቴም ያን ቀን ቀንሳ ነው የተናገረችው። ሰፈሩ ሁሉ ቀንሷል። ስለዚህ ትንሹ ነጋዴ አይነካ አልልም፤ ከፍሎ ይኑር። ግን ሩብ ሰዓት የቆመ ሰው ሻማና ክብሪት አይቶ የዓመት ሽያጭ እንዴት ያውቃል? እናቴ ቅሬታ አስገብታ ሦስት ቀን ተሰልፋ ሱቋ ተዘግቶ ዋለ፤ ግምቱ ወደ 900 ወረደላት። የሦስቱን ቀን ገበያ ማንም አልቆጠረላትም።

እኔ በሁለተኛው ዓመት ወደዚህ መጣሁ። የ«ሐ» ግብር የሚከፈለው ከሐምሌ 1 እስከ 30 ስለነበር የሰኔ ደሞዜ ላይ ለሱ የሚሆን ጨምሬ እልክ ነበር። እሷም በማለዳ ሄዳ ትከፍልና ደረሰኙን ለጎረቤት ልጅ አስነሥታ በስልክ ትልክልኝ ነበር።