የተጫዋችነትና የአሠልጣኝነት ማዕርግ በአዲስ አበባና በአክራ

ከታላቁ ገበያ ከመርካቶ ዳር የጻድቁ የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ቤተ ክርስቲያን የሚገኝበትና በጻድቁም ስም የሚጠራው ሰፈር፣ ወር በገባ በ24ኛው ቀን፣ ይልቁንም በታኅሣሥና በነሐሴ፣ ነጠላ በተጎናጸፉ ምእመናን የሚጥለቀለቅ፣ በቀረው ጊዜ ግን በነጋዴና በወዛደር፣ በሸማችና በመንገደኛ የሚጨናነቅ ስፍራ ነው። በእነዚሁ መንገዶች ላይ፣ ጋሪውና መኪናው ጥቂት ፋታ በሰጠ ቁጥር፣ ልጆች ከጨርቅ የተጠቀለለ ኳስ ሲራገጡ ኖረዋል፤ ከገበያው ባሻገርም እስከ ዛሬ ኳስ ሜዳ ተብሎ የሚጠራ ሰፈር አለ። ከተክለ ሃይማኖት በሰንጋ ተራ በኩል ቁልቁል ለሚወርድ ሰው ስታዲዮሙ ሩቅ አይደለም። ስለ ተጫዋቾች ብዙ ተብሏል፤ እኔ ግን ለመጻፍ የተነሣሁት፣ ኳስ እየመታ ያደገ ሰው የሌሎች መምህርና አዛዥ ሆኖ በሜዳው ዳር ስለሚቆምበት ማዕርግ ነው። ይህ ማዕርግ ለአፍሪካውያን በችሮታ የተሰጠ አይደለም፤ ጥቂት ሰዎች በእግራቸው ካገለገሉ በኋላ በአእምሯቸው ለመምራት የተገባቸው መሆኑን በሥራ አስመስክረው የያዙት ነው።

ገበያው ራሱ በዚህ ስፍራ የተተከለው በሕዝቡ ፈቃድ አልነበረም። የቀድሞው ገበያ በአራዳ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ሳለ፣ የፋሺስት ኢጣሊያ ሹማምንት ከተማይቱን በቆዳ ቀለም ለመክፈል ባወጡት ዕቅድ መሠረት አራዳን ለነጮች ለይተው፣ የአገሬውን ሰው ከነንግዱ ወደ ምዕራብ ገፉት፤ የአሁኑ መርካቶ ታሪክ የሚጀምረውም ከዚህ ነው። በገበያው ላይ የተሠራው በኳሱም ላይ ተሠርቷል። የቅዱስ ጊዮርጊስ ቡድን አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ በተባሉ ወጣቶች አነሣሽነት በዚያው በአራዳ የተመሠረተው በታኅሣሥ ወር 1928 ዓ.ም. ሲሆን፣ ይህም ጠላት ድንበር ከተሻገረ በሦስተኛው ወር መሆኑ ነው። ወረራው አዲስ አበባን ከያዘ በኋላ ቡድኑ የሰማዕቱን ስም ትቶ «ሊቶሪዮ ውቤ ሠፈር» እንዲባል ተገደደ፤ የአገሬው ተጫዋችም ከነጩ ጋር በአንድ ሜዳ እንዳይሰለፍ ተከለከለ።

አቶ ይድነቃቸው ተሰማ በዚህ ዘመን ያደጉ ናቸው። የተወለዱት በጅማ፣ መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም.፣ በዕለተ እንቁጣጣሽ ሲሆን፣ አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ ጀርመን አገር ተልከው ድምፃቸውን በሸክላ ያስቀረጹ፣ በቅኔያቸውና በዜማቸው የታወቁ ሰው ነበሩ። ነጋድራስነት የነጋዴዎች አለቅነትና የቀረጥ ሹመት ነበርና፣ ልጁ ከገበያ ሰው ጋር መነጋገርን፣ ማግባባትንና መሟገትን ከቤቱ ሳይማር አልቀረም ብዬ እገምታለሁ። በተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ተምረው፣ ገና በወጣትነታቸው የቅዱስ ጊዮርጊስን ማልያ ለበሱ፤ በክለቡ ባሳለፉት ዘመንም በ365 ግጥሚያዎች 318 ግቦች እንዳስቆጠሩ ይነገርላቸዋል።

ጠላት በ1933 ዓ.ም. ከወጣ በኋላ፣ በ1936 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ሻምፒዮና ሲካሄድ፣ የተወዳደሩት አምስት ቡድኖች የከተማይቱን ሕዝብ ገጽታ እንደ መስተዋት የሚያሳዩ ነበሩ፤ አርመኖች አራራትን፣ ግሪኮች ኦሊምፒያኮስን፣ ጣልያኖች ፎርቲቱዶን፣ እንግሊዞች የጦር ሚሲዮናቸውን ቡድን አሰልፈው፣ የአገሬው ልጆች በቅዱስ ጊዮርጊስ ስም ቀረቡ። ዋንጫውን የወሰዱት እንግሊዞች ናቸው። በአምስት ዓመት ባርነት ውስጥ ከነጭ ጋር እንዳይጫወት የተከለከለ ወጣት ነጻ በወጣ በሦስተኛው ዓመት ከአራት ባዕዳን ቡድኖች ጋር በእኩል ሕግ ሲሰለፍ፣ የውጤቱ ነገር ለእኔ ሁለተኛ ነው። አቶ ይድነቃቸው ግን በዚህ ብቻ አልረኩም፤ የስፖርቱን ጽሕፈት ቤት በማደራጀት ይደክሙ ነበርና፣ ጠዋት ደብዳቤ የሚጽፈው እጅና ከሰዓት በኋላ ኳስ የሚመታው እግር የአንድ ሰው ነበሩ።

የካቲት 1 ቀን 1949 ዓ.ም. በካርቱም የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ሲመሠረት፣ መሥራቾቹ ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ ነበሩ፤ ደቡብ አፍሪካ ግን ነጮችንና ጥቁሮችን የቀላቀለ ቡድን አልልክም በማለቷ ከመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ውድድር ወጣች። የአራዳን ገበያ በቀለም ሲከፈል ላየ የአዲስ አበባ ሰው ይህ ነገር እንግዳ አልነበረም። ኢትዮጵያ ያለ ጨዋታ ለፍጻሜ ደርሳ በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈች።

ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በጥር ወር 1954 ዓ.ም.፣ ውድድሩ ወደ አዲስ አበባ መጣ፤ የቡድናችንም አሠልጣኝ አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ። የዚያን ጊዜውን የቀን አቆጣጠር ልብ ብሎ ለተመለከተው፣ ውድድሩ በዓለ ጥምቀትን ከሁለት ወገን አቅፎ የያዘ ነበር። ጥር 6 ቀን ኢትዮጵያ ቱኒዝያን 4 ለ 2 አሸነፈች፤ ታቦታቱ ወደ ጥምቀተ ባሕር በሚወርዱበት በከተራ ዕለት፣ ጥር 10 ቀን፣ የተባበረው ዐረብ ሪፐብሊክ በሚል ስም የመጣው የግብፅ ቡድን ዩጋንዳን 2 ለ 1 ረታ፤ ፍጻሜውም ጥምቀትና ቃና ዘገሊላ ካለፉ በኋላ እሑድ ጥር 13 ቀን ተደረገ። ከጃንሜዳ ታቦት አጅቦ የተመለሰው ሕዝብ እልልታው ከአፉ ሳይጠፋ ወደ ስታዲዮም ገባ ለማለት የሚያስደፍር ነው።

ባዳዊ አስቀድሞ ለግብፅ አገባ፤ በሁለተኛው አጋማሽ ግርማ ተክሌ አቻ ቢያደርግ፣ ባዳዊ ደስታውን ወዲያው በሁለተኛ ግብ አደፈረሰው። ጨዋታው ሊያልቅ ስድስት ደቂቃ ያህል ሲቀር የአሥመራው ልጅ፣ አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ 2 ለ 2 አደረገ፤ በተጨማሪው ሰዓት ወንድሙ ኢታሎ ሦስተኛውን፣ መንግሥቱ ወርቁ አራተኛውን ጨመሩ። ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ዋንጫውን ለአምበሉ በእጃቸው ሰጡ። ካርቱም ላይ አራት ለባዶ የተሸነፈ አገር፣ ያሸነፈውን ቡድን አራት አግብቶ የመለሰው በገዛ ልጁ አሠልጣኝነት መሆኑ ከዋንጫው ወርቅ የበለጠ ክብር ያለው ይመስለኛል። ከመመራት ተነሥቶ አቻ መሆን፣ እንደገና ተመርቶ እንደገና አቻ መሆን፣ ከዚያም በድካም ሰዓት ማየል የእግር ብቻ ሥራ አይደለም፤ የተጫዋቾቹን ልብ የሚያውቅ፣ እርሱም ራሱ በዚያ ድካም ውስጥ ያለፈ ሰው ያስፈልገዋል።

በዚሁ ዘመን በምዕራብ አፍሪካ ተመሳሳይ መንገድ የሄዱ ሰው ነበሩ፤ እሳቸውም የጋናው ቻርለስ ኩሚ ጃምፊ ናቸው። በ1922 ዓ.ም. በአክራ የተወለዱት ጃምፊ፣ አገራቸው ገና ጎልድ ኮስት ስትባል በ1943 ዓ.ም. ወደ እንግሊዝ አገር ከዘመተውና አብዛኛውን በባዶ እግሩ ከተጫወተው ቡድን ጋር ነበሩ፤ ኋላም በጀርመን አገር ለፎርቱና ዱሰልዶርፍ በመሰለፍ በዚያ አገር ከአፍሪካ የመጡ የመጀመሪያው ተጫዋች ለመሆን በቁ። ወደ አገራቸው ተመልሰው ጥቁር ከዋክብት የሚባለው የጋና ብሔራዊ ቡድን አሠልጣኝ ሲሆኑ፣ በኅዳር 1956 ዓ.ም. በጋና ምድር በተደረገው ውድድር የዋንጫዋ ባለቤት ኢትዮጵያ በጃምፊ ልጆች 2 ለ 0 ተሸነፈች፤ ጋናም በፍጻሜው ሱዳንን 3 ለ 0 ረትታ ዋንጫውን ወሰደች። ከሁለት ዓመት በኋላ በቱኒዝ ደገሙት። ዋንጫው ከእጃችን ቢወጣም፣ የተረከበን ሌላ አፍሪካዊ መምህር ነበርና ቅሬታዬ ሙሉ አይደለም።

አዲስ አበባና አክራ በሜዳ ተፎካካሪ ይሁኑ እንጂ በሸንጎ አንድ ነበሩ። ፊፋ በ1956 ዓ.ም. ለአፍሪካ፣ ለእስያና ለኦሺያንያ በአንድነት አንዲት የዓለም ዋንጫ ቦታ ብቻ በወሰነ ጊዜ፣ የጋናው ኦሄኔ ጃንና የእኛው ይድነቃቸው ተሰማ ተቃውሞውን መርተው፣ የአፍሪካ ቡድኖች በሙሉ ከእንግሊዙ ውድድር ቀሩ፤ ለሜክሲኮው ውድድር አፍሪካ የራሷን ቦታ ያገኘችውም ከዚህ እንቢታ በኋላ ነው። አቶ ይድነቃቸው በ1964 ዓ.ም. የኮንፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ሆነው ተመርጠው፣ በዓለ ደብረ ታቦር በሚውልበት፣ ልጆች ቡሄ በሚሉበት በነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. እስካረፉበት ዕለት ድረስ መንበሩን ይዘው ዘር የሚለይ ቡድን በአፍሪካ ሜዳ እንዳይቆም ተከላክለዋል።

በ1954ቱ ፍጻሜ የመጨረሻዋን ግብ ያገቡት መንግሥቱ ወርቁም ማዕርጉን ወረሱ። እሳቸው የቅዱስ ጊዮርጊስ ልጅ፣ በአፍሪካ ዋንጫ ውድድሮች 10 ግብ ያስቆጠሩ ሰው ሲሆኑ፣ በ1974 ዓ.ም. በሊቢያ በተደረገው የአፍሪካ ዋንጫ ቡድናችንን በአሠልጣኝነት መርተው ቀረቡ። በዚያች አንዲት አገር ውስጥ በዚያ ሰሞን፣ ተጫዋች ሆነው ጀምረው አሠልጣኝ የሆኑ ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ አቶ ይድነቃቸው በፕሬዚዳንትነት፣ ጃምፊ በጋና፣ መንግሥቱ በኢትዮጵያ። ጃምፊ ከአስተናጋጇ ሊቢያ ጋር 1 ለ 1 ተለያይተው በፍጹም ቅጣት ምት 7 ለ 6 አሸንፈው ሦስተኛውን ዋንጫ አነሡ፤ ይህን ቁጥር በሌላ አሠልጣኝ ተስተካክሎ ያየነው ከብዙ ዘመን በኋላ ግብፃዊው ሐሰን ሸሃታ ሲመጣ ነው።

የመንግሥቱ ቡድን በናይጄሪያ 3 ለ 0፣ በዛምቢያ 1 ለ 0 ተሸንፎ ከምድቡ ቀረ፤ ስለዚህም ብዙ ሰው ያንን ጉዞ እንደ ውርደት ቆጥሮ ይረሳዋል። እኔ ግን ሦስተኛውን ጨዋታ አልረሳውም። ምንም እንኳ አልጄሪያ ሁለት ጨዋታ አሸንፋ ማለፏን ያረጋገጠች ብትሆን፣ የመንግሥቱ ልጆች ምንም ግብ ሳይቆጠርባቸው 0 ለ 0 ተለያዩ፤ ይህችው አልጄሪያ ሦስት ወር ያህል ቆይታ፣ ሰኔ 9 ቀን፣ በስፔን አገር በዓለም ዋንጫ ምዕራብ ጀርመንን 2 ለ 1 አሸነፈች።